ውዝፉ የማን ነው?

የልጅ ልጄ ወደ እኛ ቤት የምትመጣው እሑድ እሑድ ነው። ምሳዋን በልታ፣ ቡና ጠጥታ፣ የአያቷን ስልክ አስተካክላ ወደ ግቢዋ ትመለሳለች። ባለፈው ታኅሣሥ ግን ቅዳሜ በጠዋት ኮምፒውተሯን በጀርባዋ አዝላ በራችንን አንኳኳች። ለምን እንደመጣች አልጠየቅኋትም። አባቷ ማታውን ደውሎ ነግሮኝ ነበርና። «አባባ፣ ያቺ ልጅ ከሠላሳ አሥራ አንድ አመጣች። ለዚህ ነው የምለፋው? እናንተ ጋ ከመጣች ደግሞ እንዳታባብሏት» ነበር ያለኝ።

እኔ ጡረታ ከወጣሁ ሰባት ዓመት ሆኖኛል። 31 ዓመት ያገለገልኩት በሒሳብ ሠራተኝነት ነው። መሥሪያ ቤቱን ብለቅም መዝገብ አልለቀቀኝም፤ የሰፈራችን ዕድር ገንዘብ ያዥ ከሆንኩ አሥራ አምስት ዓመት አልፎኛል። ስለ ኮምፒውተር የማውቀው ጥቂት ነው። ስለዚህ ልጅቷን ላግዛት እችላለሁ ብዬ አላሰብኩም፤ ቤታችን አረፍ ትበል ብዬ ብቻ ተውኳት።

ባለቤቴ ቡናውን እያቀራረበች «ምን እየሠራሽ ነው የኔ እናት?» አለቻት። ልጅቷም ከኮምፒውተሯ ቀና ሳትል «ፕሮግራም» አለች። ባለቤቴ ጀበናውን አስቀምጣ «የማን ነው ደግሞ? እኛ ሳንጠራ?» ስትል ሦስታችንም ሳቅን። ልጅቷ ከመጣች ጀምሮ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው። ሰርግም ምርቃትም እንዳልሆነ፣ ኮምፒውተሩ እንዲሠራው የሚጻፍለት መመሪያ መሆኑን አስረዳቻት።

ከቡናው በኋላ ወንበሬን አስጠጋሁና «እስቲ ይሄን የጣለሽን ነገር አሳዪኝ» አልኳት።

«ሜምበር ፋንክሽን ይባላል» አለችኝ።

ሜምበር አባል ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ፋንክሽን ደግሞ ተግባር፣ ሥራ መሆኑ ነው። «የአባል ሥራ ማለት ነው? እሱን ከሆነ እኔ ልንገርሽ፤ አባል ሥራው መዋጮውን በወቅቱ መክፈል ነው» ብያት እንደገና ሳቀች። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና «ሜምበር ፋንክሽን ማለት በአንድ ክላስ ውስጥ የሚታወጅ፣ በክላሱ ዳታ ላይ የሚሠራ ፋንክሽን ነው» ብላ አነበነበችልኝ።

«ምን ማለት ነው?» አልኳት።

«እንደዚያ ነው የሚለው።»

«የሚለውንማ ነገርሽኝ። አንቺ ምን ገባሽ?»

ዝም አለች። ዝምታዋ ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ፤ እኛም በልጅነታችን ሳይገባን በቃላችን የወጣነው ብዙ ነው። ተነስቼ የዕድሩን መዝገብ ከቁም ሣጥኑ አመጣሁና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁላት። «እኔ የማውቀው ይሄንን ነው። በዚህ አስረጂኝ» አልኳት።

መዝገቡን ጥቂት አገላበጠችው። ዕድራችን 140 አባላት አሉት፤ ለእያንዳንዱ አንድ ገጽ አለው። ገጹ ላይ ስም፣ የገባበት ቀን፣ የከፈለው መዋጮ፣ ያለበት ውዝፍ ይጻፋል። ከመዝገቡ መጨረሻ ገና ያልተሞሉ ገጾችን ስታይ ፊቷ በራ። «አባባ፣ ክላስ ማለት ይሄ ባዶ ቅጽ ነው። ምን ምን እንደሚሞላበት ይናገራል እንጂ የማንም አይደለም። ሲሞላ፣ የአንድ ሰው ገጽ ሲሆን፣ ኦብጀክት ይባላል። ባዶው ቅጽ አንድ ዓይነት ነው፤ ኦብጀክቱ 140 ነው።»

እስከዚህ ድረስ ዕድሜ ልኬን የሠራሁት ነው። አዲስ የሆነብኝ ቀጥሎ ያለው ነው። የእኔ መዝገብ ወረቀት ነው፤ ራሱ ምንም አይሠራም። የሚደምረውም የሚቀንሰውም የእኔ እጅ ነው። በእሷ ትምህርት ግን ቅጹ የሚሞላበትን ቦታ ብቻ ሳይሆን፣ በዚያ ቦታ ላይ የሚሠራውን ሥራ ጭምር ይይዛል። አባል የሚለው ክላስ ስምና ውዝፍ አለው፤ ከዚያ ጋር ደግሞ «ክፈል»፣ «ወር ጨምር»፣ «ውዝፍ አሳይ» የሚሉ ሥራዎች አሉት። ሜምበር ፋንክሽን የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ሥራው የክላሱ አባል ስለሆነ ነው ስሙን ያገኘው።

«እሺ፣ 140 አባል ካለ 'ክፈል' የሚለው መመሪያ 140 ጊዜ ይጻፋል?» ብዬ ጠየቅኋት።

«አይ፣ አንዴ ብቻ ነው የሚጻፈው። ሁሉም በጋራ ይጠቀሙበታል። ለየብቻቸው የሚኖራቸው ስማቸውና ውዝፋቸው ነው።»

«ታዲያ የማንን ውዝፍ እንደሚቀንስ በምን ያውቃል?»

ብዕሯን አስቀምጣ አየችኝ። «ፈተናው ላይ የጠየቁን ይሄንኑ ነው» አለች።

መልሱን ፈልገን ያገኘነው አብረን ነው። ሥራው ሲጠራ ብቻውን አይጠራም። መጀመሪያ የኦብጀክቱ ስም ይጻፋል፤ ቀጥሎ ነጥብ፤ ከነጥቡ በኋላ ሥራው፤ በቅንፍ ውስጥ ደግሞ የብሩ መጠን። ባለቤቱ ይቀድማል፣ ሥራው ይከተላል። በአማርኛችንም ግሡ የሚመጣው መጨረሻ ነው። ፋንክሽኑ ውስጥ «ውዝፉን ቀንስ» ተብሎ ሲጻፍ የማን ውዝፍ እንደሆነ አይጻፍም፤ ከነጥቡ በፊት የተጠራው ሰው ውዝፍ መሆኑ የታወቀ ነው። ኮምፒውተሩ የተጠራውን ሰው በስውር ይዞ ይገባል። በሲ ፕላስ ፕላስ ይህ ስውር ነገር «ዚስ» ይባላል፤ ይህ፣ ይህችኛዋ እንደማለት ነው። ፓይተን በሚባለው ቋንቋ ግን አይደበቅም፤ «ሰልፍ» የሚል ስም እየተሰጠው በግልጽ ይጻፋል።

«የተደበቀው ነገር ነው ግራ የሚያጋባኝ። በዓይኔ ሳላየው እንዴት አለ ልበል?» አለች።

«'ከፈለች' ስልሽ 'እሷ' የሚል ቃል ሰማሽ?»

«አልሰማሁም።»

«ግን ማን እንደከፈለ አላወቅሽም? ሴት እንደሆነች፣ አንድ እንደሆነች?»

ሳቀች። «'ች'ዋ ውስጥ አለች» አለች። የራሷ ቋንቋ ሲያደርገው የኖረውን ነገር በእንግሊዝኛ ሲነግሯት ነው የጠፋባት።

ከዚያ የፈተና ወረቀቷን አወጣች። ሥራውን በትክክል ጽፋዋለች፤ የቀነሰችውም ልክ ነው። ግን ፋንክሽኑን ከክላሱ ውጭ ስትጽፈው የማን እንደሆነ አልተናገረችም። ከክላሱ ውጭ ሲጻፍ ከፋንክሽኑ ስም በፊት የክላሱ ስም፣ ቀጥሎም ሁለት ነጥብ ከላይ ሁለት ነጥብ ከታች ሆኖ አራት ነጥብ መደረግ አለበት። ምልክቱን ሳየው «ይሄማ አራት ነጥባችን ነው!» አልኩ። እኛ ነገር የምንዘጋበትን እነሱ ባለቤት ይናገሩበታል። ያ ምልክት ሲቀር ኮምፒውተሩ ፋንክሽኑን የማንም ያልሆነ መንገደኛ አድርጎ ያየዋል። «ውዝፍ» የሚለውን ቃል ሲያገኝም «ይህን አላውቀውም» ብሎ ይመልሳል። እውነቱን ነው። ባለቤቱ ያልታወቀ ሥራ የማንን ውዝፍ ያውቃል?

ልጅቷ ሞቅ ብሏት ቀጠለች። «ደግሞ ውዝፉ የተጻፈበትን ቦታ ማንም ከውጭ መጥቶ በቀጥታ እንዳይነካው ማድረግ ይቻላል። ፕራይቬት ይባላል። ውዝፍ መቀነስ የፈለገ ሰው በ'ክፈል' በኩል ያልፋል። 'ክፈል' ደግሞ ዝም ብሎ አይቀበልም፤ የተሰጠው ብር ዜሮ ወይም ከዜሮ በታች ከሆነ እንዲመልስ አድርጌ እጽፈዋለሁ። 'ውዝፍ አሳይ' የሚለው ማሳየት ብቻ ነው ሥራው። 'ኮንስት' የሚል ቃል ከኋላው ካደረግኩበት፣ ውስጡ ውዝፉን የሚቀይር ነገር ብጽፍ እንኳ ፕሮግራሙ ገና ሳይጀምር ስህተት ነው ይለኛል።»

«በላጲስ ማጥፋት የለም በይኛ» አልኩ።

«ላጲስ የለም አባባ።»

እዚህ ላይ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። «ምን ሆኑ?» ስትለኝ ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ነገር ነገርኳት።

የዛሬ 11 ዓመት ነው። በዕድራችን ውስጥ ስማቸውም የአባታቸው ስምም አንድ የሆነ ሁለት እናቶች ነበሩ። በአገራችን ይህ ብርቅ አይደለም። አንደኛዋ የአራት ወር መዋጮ በአንድ ጊዜ ከፈሉ፤ ያኔ በወር 30 ብር ነበር፣ 120 ብር። ደረሰኝ ቆርጬ ሰጠኋቸው። መዝገቡ ላይ ግን የጻፍኩት በሌላኛዋ ገጽ ነው። ብዙም ሳይቆይ የእኚሁ እናት ባለቤት ዐረፉ። ጥሩምባው ተነፋ፣ ድንኳኑ ተተከለ፣ አግዳሚውና ድስቱ ሄደ። ገንዘቡን ለማውጣት መዝገቡ ሲገለጥ ግን የአራት ወር ውዝፍ ያሳያል። ደንባችን ደግሞ ከሦስት ወር በላይ ውዝፍ ያለበት አባል ጉዳዩ በኮሚቴ ሳይታይ ገንዘብ አይሰጠውም ይላል። 6,000 ብሩ ሦስት ሳምንት ተያዘ። እሳቸውም ከዘመድ ተበድረው ሐዘናቸውን ተወጡ።

ስህተቱን ያገኘሁት ወሩ ሲዘጋ በእጄ የቀረውን የደረሰኝ ቅጂ ከመዝገቡ ጋር ሳመሳክር ነው። ማድረግ የነበረብኝን ሙያዬ አስተምሮኛል፤ የተሳሳተውን እንዲታይ አድርጎ በአንድ መስመር መሰረዝ፣ ከጎኑ ትክክለኛውን መጻፍ፣ መፈረም፣ ለኮሚቴው ማሳወቅ። በመሥሪያ ቤቴ ቢሆን እንደዚያ አደርግ ነበር። በዕድሩ ግን መዋጮውን በእርሳስ እየያዝኩ በየሦስት ወሩ በእስክሪብቶ የመገልበጥ ክፉ ልማድ ነበረኝ። በላጲስ አጠፋሁት። ቁጥሩን ከአንዷ ገጽ ወደ ሌላኛዋ አዛወርኩና ለኮሚቴው «ጉዳያቸው ተስተካክሏል፣ ይከፈላቸው» አልኩ። እንዴት እንደተስተካከለ ማንም አልጠየቀኝም። እኔም አልተናገርኩም።

ልጅቷ ረጅም ጊዜ መዝገቡን ስታይ ቆየች። ታጽናናኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። «አባባ፣ የመጀመሪያውን ስህተት የእኔም ፕሮግራም አይከለክለውም» አለችኝ። «ፋንክሽኑ የሚሠራው በተጠራው ሰው ላይ ነው። የሌላዋን እናት ጠርተው 'ክፈል' ቢሉት ሳያቅማማ ይሠራል። ለዚያ እንኳ ከስም ይልቅ ቁጥር ነው የሚሻለው። ሁለተኛውን ግን አይፈቅድልዎትም።»

ከዚያ ስታስረዳኝ የነበረውን በእውነት ጻፈችው። «አስተካክል» የሚል አንድ ተጨማሪ ፋንክሽን አደረገችበት። ስንት ብር እንደሚስተካከል ብቻ ሳይሆን ምክንያቱንም ይጠይቃል። ምክንያቱ ባዶ ከሆነ እምቢ ይላል። ከተጻፈለት ደግሞ የድሮውን ቁጥርና አዲሱን ቁጥር፣ ከምክንያቱ ጋር መዝግቦ ያስቀምጣል። ሞከርኩት። ምክንያት ሳልጽፍ ስሰድደው መለሰው። አስተማሪዬ ወጣት፣ ፈታኜ ኮምፒውተር ሆኖ የ11 ዓመት ዕዳዬን በገዛ ጠረጴዛዬ ላይ አየሁት።

ማታ እራት ላይ ይህን ነገር ማን እንዳመጣው ጠየቅኋት። ስልኳ ላይ አብረን አነበብን። ክላስና ኦብጀክት የሚባለው ሐሳብ የመጣው ከኖርዌይ ነው። ኦሌ ዮሃን ዳልና ክሪስተን ኒጎርድ የሚባሉ ሁለት ሰዎች ኦስሎ ውስጥ ሆነው ሲሙላ የተባለ ቋንቋ ሠሩ። የደንበኞችን ወረፋ የመሰለውን የገሐዱን ዓለም ነገር ኮምፒውተር ላይ አስመስሎ ለማጥናት ነበር የፈለጉት፤ ክላስ ያለበት ሲሙላ የወጣው በ1967 እ.ኤ.አ. ነው። በኋላም ቢያርነ ስትሮስትሩፕ የተባለ የዴንማርክ ሰው በአሜሪካው ቤል ላብስ ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሐሳቡን ሲ በሚባለው ቋንቋ ላይ ጨመረበት። መጀመሪያ «ሲ ከነክላሱ» እንደማለት ያለ ስም ነበረው፤ በ1983 እ.ኤ.አ. ነው ሲ ፕላስ ፕላስ የተባለው። ሁለቱ ኖርዌያውያን በሙያው ትልቁን የቱሪንግ ሽልማት የ2001 እ.ኤ.አ. ተሸላሚ ሆኑ፤ በ2002 እ.ኤ.አ. ደግሞ በሳምንታት ልዩነት ሁለቱም ዐረፉ። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ «ወዳጅነታቸው!» ብላ ከንፈሯን መጠጠች።

እሑድ ልጄ ለምሳ መጣ። ፊቱ እንደተቋጠረ ነው። ገና ከመቀመጡ «እህ፣ ምን ልትነግሪኝ ነው?» አላት። እኔ ጣልቃ ገባሁ። «አንተ ያየኸው አሥራ አንዱን ነው። አሥራ አንዱ እንዴት እንደመጣ ጠይቀሃታል?» አልኩት። አልጠየቃትም። እኔም እሱን በልጅነቱ ሪፖርት ካርዱን ከእጁ ተቀብዬ ቁጥሩን አይቼ ከመቆጣት በቀር ጠይቄው አላውቅም ነበር። ይህንንም ነገርኩት። ልጅቷ የፈተና ወረቀቷን አምጥታ የጎደለውን አራት ነጥብ አሳየችው። ሁሉም ገባው አልልም። ግን ሹካውን አስቀምጦ እስከ መጨረሻው ሰማት።

እኔ ደግሞ የራሴን ፈተና ልወጣ ሰኞ ከሰዓት ወደ እኚያ እናት ቤት ሄድኩ። አሁን ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ከምዝ ጋር ተጠግተው ይቀመጣሉ፣ ዓይናቸውም ደከም ብሏል። ሻይ አስቀረቡልኝ። እንዴት እንደምጀምር ጠፍቶኝ ስለ ብርዱ ስለ ኑሮው ስናወራ ቆየን። በመጨረሻ እንዳለ ነገርኳቸው። በተሳሳተ ገጽ መጻፌን፣ በእኔ ምክንያት ገንዘቡ መያዙን፣ ከዚያም በላጲስ ማጥፋቴን።

ጥቂት ዝም አሉና «አውቃለሁኮ» አሉኝ።

«እንዴት አወቁ?»

«ደረሰኙ እኔ ጋ ነበራ! የሐዘኑ ሰሞን ማን ደረሰኝ ይፈልጋል? ከአርባው በኋላ የባለቤቴን ኮት ሳራግፍ ኪሱ ውስጥ አገኘሁት። መክፈሌን እሱ ነበር በኪሱ የያዘልኝ። ይዤው ልመጣ ተነስቼ ነበር። ኋላ ግን ገንዘቡ ከተሰጠኝ ምን ብዬ ሰው ላሳፍር ብዬ ተውኩት።» ቀጥለውም «ያስከፋኝ ገንዘቡ አይደለም። በሰው ፊት መዋጮዋን ያልከፈለች መባሌ ነው። እሱን እርስዎ እስኪመጡ ድረስ ማንም አላነሳልኝም» አሉ።

የምመልሰው ቃል አልነበረኝም። ገንዘቡ በሦስት ሳምንት ተመልሶ ነበር፤ ስማቸው ግን 11 ዓመት በውዝፍ ቆይቷል።

በጥር የዕድሩ ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ ሁሉንም ተናገርኩ። ከገንዘብ ያዥነቴም ልውረድ አልኩ። ጉምጉምታ ነበር፤ አንድ አባል «እስከዛሬ የት ነበርክ?» አሉኝ፤ ትክክል ናቸው። ሊቀመንበሩ በእኚያ እናት ስም ከቃለ ጉባዔው ላይ እንዲጻፍ አደረጉ፤ «ውዝፍ አልነበረባቸውም» ተብሎ። ከኃላፊነቴ መውረዴን ቤቱ አልተቀበለም፤ ግን ከእንግዲህ መዝገቡ በየሦስት ወሩ በሌላ ሰው እንዲታይ፣ አባላትም በስም ብቻ ሳይሆን በቁጥር እንዲያዙ ተወሰነ። እርሳስና ላጲሱን ለሰፈር ልጆች ሰጠኋቸው።

ልጅቷ የመጨረሻ ፈተናዋን የካቲት ላይ ተፈትናለች። ውጤቷ ይህን እስክጽፍ ድረስ አልመጣም። ፈተናው ባለቀ ዕለት ለእኔ ከመደወሏ በፊት ለአባቷ ደውላ ነበር። «ምን አላችሁ?» ብዬ ጠየቅኋት። «ስንት ታመጪያለሽ አላለኝም» አለችኝ። «የትኛው ጥያቄ ነው የከበደሽ አለኝ። ስነግረው ደግሞ 'እሱ ፋንክሽን የማን ነበር?' ብሎ ጠየቀኝ።»